የመኪና ፋንና የቤት ኤሲ ፋን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና ሲፈላ ወዲያው የምንጠረጥረው ውሃ ነው፤ ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ደግሞ ጋዝ። ሁለቱም ጋ ከመድረሳችን በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ አየር እያለፈ ነው ወይ? ይህን ሳይጠይቁ ስንቱ ራዲያተር ይቀየራል፣ ስንት ጊዜ ጋዝ ይሞላል! ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሹፌሮች፣ ከቤት ባለቤቶችና በዐረብ አገር ከሚኖሩ ወገኖች ደጋግመው የሚነሡ ናቸው።

ፋን አየሩን ያቀዘቅዛል?

አያቀዘቅዝም። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ የአየሩን ሙቀት አይቀንስም። እንዲያውም በሩና መስኮቱ በተዘጋ ባዶ ክፍል ውስጥ ቬንቲሌተር እንደበራ ትተው ቢወጡ፣ ሲመለሱ ክፍሉ በመጠኑ ሞቆ ይቆይዎታል፤ ሞተሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ነው የሚሆነው። ቬንቲሌተር ፊት ስንቀመጥ የሚቀዘቅዘን ነፋሱ ላባችንን ስለሚያደርቀው ነው። ላብ ሲተን ከቆዳ ላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ይህ የሚያዋጣው ግን እስከ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቬንቲሌተር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ብቻ እንድንጠቀም ይመክራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ነፋሱ ራሱ ሰውነትን ያሞቃል። የበጋው ሙቀት 45 ዲግሪ በሚደርስበት ኩዌት ወይም ሪያድ፣ ኤሲ በሌለው ክፍል ቬንቲሌተር ብቻ ተሰጥቷት የምትተኛ እህት ካለች ነገሩ የምቾት ጉዳይ አይደለም፣ የጤና ጉዳይ ነው። ሰውነትን በውሃ ማርጠብና ቶሎ ቶሎ ውሃ መጠጣት ይረዳል፤ መፍትሔው ግን ኤሲ ያለበት ክፍል ነው።

ታዲያ መኪናና ኤሲ ውስጥ ፋን ምን ይሠራል?

ሙቀቱን ከቦታው ያነሣል። አንድ የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ለጉዞ የሚውለው ሲሶው ያህል ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ፖምፓው ያንን ትኩስ ውሃ ወደ ራዲያተር ይገፋዋል፤ ውሃው በቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ሙቀቱን በቱቦዎቹ መካከል ለተደረደሩት ስስ ቆርቆሮዎች ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን የሚወስደው አየር ነው። አየሩ ከቆመ ራዲያተሩ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም።

ኤሲም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ጋዙ ከቤት ውስጥ ሙቀት ይቀበላል፣ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ በጣም ሞቆ ወደ ኮንደንሰሩ ይሄዳል። ኮንደንሰር በቅርጹም በሥራውም ራዲያተር ነው። እዚያ ያለው ፋን ሙቀቱን ወደ ውጭ ካልበተነው ጋዙ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም፤ ካልተመለሰ ደግሞ የሚቀዘቅዝ ነገር የለም።

የመኪናዬ ፋን አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ቆሞ አገኘዋለሁ። ተበላሽቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። የኤሌክትሪክ ፋን ሁልጊዜ እንዲዞር አልተሠራም። ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቴርሞስታቱ ውሃውን ወደ ራዲያተር አይለቅም፤ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚከፍተው። ፋኑ ደግሞ በብዙ መኪኖች ከ95 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይነሣል፣ ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ይቆማል። ከከተማ ወጥተው በፈጣን መንገድ ሲነዱ ከፊት የሚገባው ነፋስ ስለሚበቃ ፋኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል።

ኤሲ ሲያበሩ ግን ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለተቀመጠ ሞተሩ ባይሞቅም ፋኑ ይነሣል። ይህን ይያዙት፣ ለምርመራ ይጠቅማል።

ትራፊክ ሲዘጋጋ ሙቀት ይጨምራል፣ መንገዱ ሲለቀቅ ጌጁ ይወርዳል። ምንድን ነው?

ይህ ምልክት ብቻውን የጥገናውን ግማሽ ይናገራል። ሲሄዱ የሚበርድና ሲቆሙ የሚሞቅ መኪና ውሃው አለ፣ ፖምፓው ይሠራል፣ ራዲያተሩም ይብዛም ይነስ ያስተላልፋል፤ የጎደለው ሲቆም የሚያስፈልገው ነፋስ ነው። ስለዚህ ወደ ፋኑ ይሂዱ። በተቃራኒው መኪናው አስፋልት ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደም ሙቀት የሚጨምር ከሆነ ፋኑን ይተዉት፤ የውሃ መጉደል፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፍት ቴርሞስታት ወይም የተበላ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይፈልጉ።

ፋኑን ለመመርመር መኪናውን ባዶ ማርሽ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ሞተሩን ያስነሡና ኤሲውን ያብሩ። ከዚያ አንድ ነጠላ ወረቀት ከፊት በኩል ወደ ግሪሉ ያስጠጉ። ጤነኛ ፋን ወረቀቱን ስቦ ይለጥፈዋል። ወረቀቱ ከወደቀ ፋኑ አልተነሣም ወይም ደክሟል። ወረቀቱን ወደ እርስዎ ከገፋው ደግሞ ፋኑ በተቃራኒው እየዞረ ነው፤ የፋኑ ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም ሁለቱ ሽቦዎች ከተለዋወጡ ይህ ይደርሳል፤ ለዓይን የሚሠራ ስለሚመስል ብዙ ሰው አይደርስበትም። ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ተቀምጦ እየሳበ፣ ነፋሱን ከፊት ወደ ሞተሩ ነው ማምጣት ያለበት።

በኤሲ ከተነሣና በሞተር ሙቀት ግን የማይነሣ ከሆነ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፤ ጥርጣሬው የሙቀት ሴንሰሩና ሽቦው ላይ ይወድቃል። በሁለቱም የማይነሣ ከሆነ መጀመሪያ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን ለፋኑ የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ)፣ ከዚያ የፋኑ ሶኬት ይታይ፤ ሶኬቱ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉም ደህና ከሆኑና ከባትሪ በቀጥታ ሲሰጡት የማይዞር ከሆነ የፋኑ ሞተር ካርቦን አልቋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በፋኑ ዙሪያ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ጌጥ አይደለም። ፋኑ የሚስበው አየር በራዲያተሩ ሙሉ ገጽ እንዲያልፍ የሚያደርገው እሱ ነው። በግጭት ተሰብሮ ወይም "ለሥራ አስቸገረ" ተብሎ ተነሥቶ የቀረበት መኪና፣ ፋኑ ቢዞርም ከጎን ያለውን የሞተር ክፍል ሙቅ አየር መልሶ ይስባል።

መካኒኩ "ፋኑን ዳይሬክት እናድርገው" አለኝ። ልስማማ?

ዳይሬክት ማለት ፋኑን ያለ ሴንሰር በቀጥታ ከኤሌክትሪኩ ማገናኘት ነው። መንገድ ላይ ከሆኑና ቤት መድረስ ካለብዎ፣ አዎ። ለዘለቄታው ግን አልስማማም። ዳይሬክት ማድረግ ችግሩን አይጠግነውም፣ ይሸፍነዋል፤ የሙቀት ሴንሰሩ ከሞተ ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን የሚወስንበትን መረጃም አብሮ አጥቷል። ፋኑ ያለማቋረጥ ሲሠራ የፋኑ ሞተር ዕድሜ ያጥራል፣ ዲናሞው ይጫናል፣ በብርዳማ ጠዋት ሞተሩ ሞቆ እስኪደላደል ይቆያል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሽቦው ነው። የራዲያተር ፋን ከ10 እስከ 30 አምፔር ይስባል፤ ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌ በቀጭን ሽቦ የተሳበ ዳይሬክት እሳት ያስነሣል። ግድ ከሆነም ሪሌና ፊውዝ ይግባበት።

ፋንዎ መኪናው እንደተነሣ ጀምሮ ራሱ ያለማቋረጥ የሚዞር ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ መኪኖች የሙቀት መረጃው ሲቋረጥባቸው ሞተሩን ለማዳን ፋኑን አስነሥተው ይተዉታል። የቆዩ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ላይ የፋን ስዊቹን ሶኬት ቢነቅሉት ፋኑ ይነሣል፤ የተሠሩት እንዲያ ነው።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ሆና ሳለ መኪኖች ለምን ይፈላሉ?

ምክንያቱ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፋኑ የሚነሣው ከ95 ዲግሪ ጀምሮ መሆኑን አስታውሱ። ማለትም ፋኑ ሥራ ሳይጀምር ውሃው ሊፈላ ይችላል።

እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላና ጎማ በሲስተሙ ውስጥ አንድ ባር የሚጠጋ ግፊት ይይዛል፤ በዚህ ግፊት ውሃው አዲስ አበባ ላይም እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ግን ይህን አይችልም። ያኔ ውሃው ይፈላል፣ በእንፋሎት ይወጣል፣ ይጎድላል፤ ባለቤቱ ውሃ ይጨምራል፣ ነገም ይደግመዋል። ፋን ተቀይሮ፣ ራዲያተር ታጥቦ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ ክዳኑ ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። ክዳን ሲገዙ በላዩ የተጻፈው የግፊት መጠን ከነባሩ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ላላ ያለ ወይም ጠጠር ያለ ክዳን ሁለቱም ይጎዳሉ።

ከፍታው ፋኑንም ይነካዋል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ አንድ ፋን በአንድ ዙር የሚያነሣው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአየሩ ቅዝቃዜ ያካክሰዋል፤ ግማሹ በጭቃ የተደፈነ ራዲያተር ላይ ግን ማካካሻው አይበቃም።

የጭነት መኪናዬ ፋን በችንጋ ነው የሚዞረው። ለእሱስ ምን ልጠንቀቅ?

አይሱዙዎችና ብዙ ሂሉክሶች እንዲህ ናቸው። ፋኑና የሞተሩ ፑሊ መካከል የፋን ክላች አለ፤ ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት፣ ፊቱ ላይ ሙቀት የሚለካ የተጠቀለለ ሞላ አለው። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ሞላው ይዘረጋና ዘይቱን ይለቀዋል፤ ፋኑ ከሞተሩ ጋር ይጣበቅና በኃይል ይዞራል። ዳገት መሐል ድንገት የሚሰማው ከባድ የነፋስ ጩኸት ይኸው ነው፤ አይደንግጡ፣ ጩኸቱ ጭራሽ ካልተሰማ ነው መደንገጥ።

ለመፈተሽ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ያጥፉና ፋኑን በእጅ ይግፉት። መያዝ አለበት። አንዴ ገፍተውት ብዙ ዙር በነፃ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ወይም ከመሐሉ ዘይት አንጠባጥቦ አቧራ የጠጣ ጥቁር ቅባት ካዩ ክላቹ አልቋል። ችንጋው የላላ ከሆነም ፋኑም ፖምፓውም አብረው ይደክማሉ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚነዳ ሰው ይህን ለብቻው ቢያውቀው ይጠቅመዋል። የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያንኑ ይወጣል። ጭነት ይዞ በዳገት ሲወጡ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል፣ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም፤ በዚያ ላይ የሸለቆው አየር ሞቃት ነው። ሁሉም ሸክም ፋኑ ላይ ነው። ማርሽ ቀንሰው በሚዞር ሞተር ይውጡ፤ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት የሚወጣ ሞተር ፋኑንም ፖምፓውንም በዝግታ ነው የሚያዞራቸው። ኤሲ ካለም ያጥፉት።

ፋኑ ቆሞ መኪናው መንገድ ላይ ሙቀት ጨመረ። ምን ላድርግ?

ኤሲውን ያጥፉ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተው መስኮቱን ያውርዱ። ማሞቂያው በትኩስ ውሃ የሚሠራ ትንሽ ራዲያተር የራሱ ፋን ያለው ነው፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ ጋቢና ይስባል። ይመችዎታል አልልም፣ ግን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክዳን) ያድናል። ጌጁ ካልወረደ ቆመው ሞተሩን ያጥፉ።

ክዳኑን አይክፈቱ። በግፊት የታመቀው ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይፈነዳል፤ በዚህ ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠሉ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ የራዲያተሩ የላይኛው የጎማ ቱቦ ሲጫን ለስላሳ ሲሆን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ሞተር ካጠፋሁ በኋላ ፋኑ ይዞራል። ባትሪ አይጨርስም?

ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ በብዙ መኪኖች የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ሪሌው ተጣብቋል፣ ባትሪም ይጨርሳል። ስለዚሁ፦ ኮፈን ከፍተው ሲሠሩ ሞተሩ ስለጠፋ ብቻ እጅዎን ፋኑ መሐል አያስገቡ፤ ሳያስጠነቅቅ ሊነሣ ይችላል። ልጆች በአጠገቡ ካሉ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

የመኪናዬ ኤሲ ስነዳ ይቀዘቅዛል፣ ስቆም ሙቅ አየር ይሰጣል። ጋዝ ላስሞላ?

መጀመሪያ የወረቀቱን ሙከራ ያድርጉ። ሲሄዱ የሚቀዘቅዝ ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ አለው። ቆመው ሳለ ኮንደንሰሩን የሚያበርደው ፋኑ ብቻ ስለሆነ፣ ፋኑ ሲደክም የጋዙ ግፊት ይወጣና ኮምፕረሰሩ ራሱን ያጠፋል። በዚህ ላይ ጋዝ መጨመር ግፊቱን ያባብሰዋል፣ ኮምፕረሰሩንም እስከ መግደል ይደርሳል። "ጋዙ አልቋል" ያለ ሁሉ በጌጅ ለክቶ ያሳይዎት፤ በተዘጋ ሲስተም ውስጥ ያለ ጋዝ ደግሞ አይበላም፣ ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለው።

ኮንደንሰሩ ቆሽሾ ከሆነ ይታጠብ፤ ላቫጆ ውስጥ ግን የግፊት ውሃውን አስጠግተው እንዳይመቱት ይንገሩ። ስሶቹ ቆርቆሮዎች ከታጠፉ አየር ማለፊያውን የዘጉት እርስዎ ነዎት።

የቤት ኤሲ ስንት ፋን አለው?

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ሁለት። የውስጡ እንደ ረጅም በርሜል የተሠራ፣ ድምፅ የማያሰማ ፋን የክፍሉን አየር ስቦ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር (ጋዙ ከክፍሉ ሙቀት የሚቀበልበት ብረት) ላይ ያሳልፈዋል። የውጪው ትልቅ ባለ ክንፍ ፋን ሙቀቱን ከኮንደንሰሩ አንሥቶ ይበትናል። የውጪው ክፍል ፊት እጅዎን ቢዘረጉ የሚሰማዎት ሙቅ ነፋስ ከቤትዎ የወጣው ሙቀት ነው፤ እዚያ የሚወጣው አየር ሙቅ ካልሆነ ቤትዎም እየቀዘቀዘ አይደለም።

የውስጡ ክፍል በረዶ ሠርቶ ውሃ ያንጠባጥባል። በጣም ስለቀዘቀዘ ነው?

አየር ስላጣ ነው። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን በኢቫፖሬተሩ ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፣ ብረቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እርጥበቱ ይረጋበታል። በረዶው ራሱ የቀረውን መንገድ ይዘጋል። ኤሲውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ ለጥቂት ሰዓት ያስኪዱት፤ ሲቀልጥ ማጣሪያውን በውሃ አጥበው፣ አድርቀው ይመልሱ። በአቧራማው ባሕረ ሰላጤ ወይም ድሬዳዋ በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ አይበዛም። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ከደገመ ጋዝ ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይጥሩ።

የውጪው ፋን "እም…" እያለ ያጉረመርማል፣ ግን አይዞርም።

በተራ ሞተር በሚሠሩ ኤሲዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሩ ነው፤ ፋኑን ለማስነሣት ግፊት የሚሰጠው እሱ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ዕቃዎች አንፃር ትንሽ ነው፣ ቅያሪውም የደቂቃዎች ሥራ። ወዲያው ኤሲውን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ፋኑ ሳይዞር ኮምፕረሰሩ ከቀጠለ ውዱ ዕቃ ይቃጠላል። ካፓሲተር ኤሌክትሪኩ ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ እጅ ይመታል፤ ለባለሙያ ይተዉት።

የውጪውን ክፍል የተዘጋ በረንዳ ላይ ላስቀምጠው?

አይሆንም። የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል፣ በየደቂቃው እየሞቀ ይሄዳል። ከኋላው አንድ ስንዝር ያህል፣ ከፊቱ ደግሞ ምንም የማይጋርደው ክፍት ቦታ ይኑረው። ሁለት የውጪ ክፍሎችን ፊት ለፊት አያስተያዩ። ልብስ አያስጡበት፣ ጀርባውን በካርቶን አይሸፍኑ። ጥላ ቢያገኝ ጥሩ ነው፣ ጥላው ነፋሱን ካልዘጋ።

ቬንቲሌተር ከኤሲ ጋር ማብራት ኤሌክትሪክ ያባክናል?

ይቆጥባል። የጣሪያ ቬንቲሌተር 60 ወይም 70 ዋት ይወስዳል፤ የመኝታ ቤት ኤሲ 1,000 ዋት አካባቢ። ነፋስ ካለ ኤሲውን ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርገው እኩል ይመችዎታል። ከክፍሉ ሲወጡ ግን ቬንቲሌተሩን ያጥፉ፤ ባዶ ክፍል ላብ የለውም።

የፍጥነቱ ነገርም ብዙ ሰው ከሚገምተው ይበልጣል። ፋን አየር ለመግፋት የሚፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ኢንቨርተር ኤሲዎች ከሚቆጥቡባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ ከመጥፋትና ከመነሣት ይልቅ በዝግታ ያለማቋረጥ ይሠራሉ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ ፋን ያስፈልገዋል?

አዎን። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ሞተሩ እንደ ቤንዚን ሞተር ባይሞቅም ባትሪው በሙቀት ይጎዳል፤ በአብዛኞቹ ላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ፣ ራዲያተርና የኤሲ ኮንደንሰር ከፊት አሉ፣ ከኋላቸውም ፋን። በፈጣን ቻርጅ ላይ ቆሞ ሳለ ፋኑ በኃይል ቢጮኽ ባትሪው ሙቀት እየለቀቀ ስለሆነ ነው፤ ነቅለው አይሂዱ። የፊቱን ግሪል በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ሸፍነው ቻርጅ አያድርጉ፤ ባትሪው ሲሞቅ መኪናው የቻርጁን ፍጥነት ራሱ ይቀንሰዋልና ሰዓቱ ይረዝምብዎታል።